አሚና ያረጠችበት ዓመት

ከይፋግ ዋና መንገድ ወረድ ብሎ የአሚና ዩኑስ ወፍጮ ቤት አለ። ከደጋው ጤፍና ገብስ ጭነው የሚወርዱ ገበሬዎች ሌሎች ወፍጮዎችን አልፈው ወደ እሷ ይመጣሉ። ለምን ቢባሉ «የአሚና ዱቄት አይሞቅም» ይላሉ። ድንጋይ ሲደንዝ እህሉን መፍጨቱን ትቶ ያሸዋል፤ የታሸ ዱቄት ይሞቃል፤ የሞቀ ዱቄት ደግሞ ሊጡ አያምርም። አሚና ግን ድንጋዩ እስኪደንዝ አትጠብቅም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሞተሩን ታጠፋና የላይኛውን ድንጋይ አስነስታ፣ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ፣ በመዶሻና በመሮ ራሷ ትወቅረዋለች።

በዚያ አገር ወፍጮ የሚወቅር ወንድ ነው። አባቷ ዩኑስ ግን ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ መዶሻውን አስጨብጧት፣ «ድንጋይ የሚወደው ጉልበት ሳይሆን ቀላል እጅ ነው፤ ቀላል እጅ ደግሞ አንቺ አለሽ» ብሏት ነበር። እሱ ሲሞት ወፍጮው ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ለሐምዛ ቀረ። ሐምዛ ወረታ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ ወፍጮውን ለእሷ ተወላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እህሌ ተበላሸብኝ ያላት ሰው አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. አሚና አርባ ሰባት ዓመት ሞላት። ያን ጊዜ ነው ገላዋ የማታውቀው ሰው ገላ የሆነባት። መጀመሪያ ሙቀቱ መጣ። ከደረቷ ይነሳና አንገቷን አልፎ ፊቷን ያነደዋል፤ ወዲያው ላብ ያጠምቃትና ጥቂት ቆይቶ ብርድ ብርድ ይላታል። የሞተሩ ወበቅ ነው ብላ በሩን ከፈተች። ሞተሩ በጠፋበት ቀንም መጣ። ይፋግ ወባ አገር ነውና ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ ጣቷን ተወጋች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ወባ የለብሽም» ተባለች። እንቅልፏ ተቆራረጠ። ሰው ሲያናግራት ትቆጣለች፤ ከተቆጣች በኋላ ደግሞ ለምን እንደተቆጣች አታውቀውም።

የወር አበባዋም ተዘበራርቋል። ሁለት ዓመት ያህል አንዴ በሃያ ቀን፣ አንዴ በሁለት ወር ሲመላለስ ቆይቶ ከጥር ወዲህ ጭራሽ ቀረ። ባሏ ሸሪፍ፣ ገበያው መሐል ጨርቅ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው፣ ይህን ሲሰማ ፂሙን እየዳሰሰ «አላህ ሊሰጠን ይሆናላ» አላት። የመጨረሻ ልጃቸው አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍጮ ቤት የሚሰለፉት ሴቶች ከፊቷ ይልቅ ሆዷን የሚያዩ መሰላት።

ከፋሲካ በኋላ፣ የሰርግ ሰሞን፣ ጋሼ ፈንታሁን ከደጋ ነጭ ጤፍ ጭነው ወረዱ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ከእሳቸው በፊት የተፈጨው ባቄላ ነበር። አሚና ሁልጊዜ እህል ስትለውጥ ድንጋዩን በእፍኝ ገብስ ታጠራዋለች። ያን ቀን አላጠራችም። ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አድራ፣ ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ተመላልሶባት፣ ጤፉን ዝም ብላ ወፍጮው አፍ ውስጥ ለቀቀችው። ያወቀችው የሚወርደው ዱቄት ባቄላ ባቄላ ሲሸታት ነው።

ጋሼ ፈንታሁን ዱቄቱን በጣታቸው አንስተው አሸተቱት። ከዚያ እሷን አዩና «አሚና፣ ደኅና አይደለሽም መሰል» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። ከቤቴ ጤፍ አውጥቼ ዛሬውኑ እፈጭልዎታለሁ» አለቻቸው። እንዳለችውም አደረገች። ወሬው ግን ከዱቄቱ ቀድሞ ደጋ ደረሰ።

በሳምንቱ ሐምዛ ከወረታ መጣ። ወፍጮውን ዞር ዞር ብሎ አየና «እቴ፣ ሠላሳ ዓመት ደክመሻል» አለ። «አንድ ጎልማሳ አግኝቻለሁ። እሱ ይፍጭ፣ አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ። ሰውም ዕድሜዋ ገፋ እያለ ነው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ።»

«ድንጋዩንስ የሚወቅረው ማን ነው?»

«እሱ ይማራላ» አለ ሐምዛ። አሚና ምን እንደሆነች ራሷም ሳታውቅ ምን ብላ ትሟገተው?

ለማወቅ ቆርጣ ተነሳች። መጀመሪያ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ያለው ሰው ብዙም ሳይጠይቃት ደሟን ወሰደና ለሆርሞን ምርመራ ላከው። በሳምንቱ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ልኩ ላይ ነው፣ ምንም የለብሽም። ጭንቀት ነው» አላት። አሚና በመንገድ ስትመለስ የተሰማት እፎይታ ሳይሆን ንዴት ነበር። ምንም የሌለባት ሰው የሰርግ ጤፍ ታበላሻለች?

ጎረቤቶቿ ወንዛዬ ፍል ውሃ ግቢበት አሏት። ሸሪፍ ራሱ እስከ ሐሙሲት ሸኛት። አሚና ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ያ የውስጡ ሙቀት ተነሳባት፤ ከውጭ ፍሉ፣ ከውስጥ እሳቱ ሲገናኙባት እየተንደፋደፈች ወጥታ ድንጋይ ላይ ተዘረጋች። አጠገቧ የነበረች ሴት ሳቀች። ዞር ስትል እታለም ዓለሚቱ ናት፤ ከሊቦ ወዲያ ማዶ የምትኖር የገበሬ ሚስት፣ የሃያ ዓመት ደንበኛዋ። ለጉልበቷ ሕመም መጥታ ነው።

«ላቡ ድንገት ያጠምቅሻል፣ ከዚያ ይበርድሻል፣ አይደል?» አለች ዓለሚቱ።

«በምን አወቅሽ?»

«እኔም እንዲያ ሆኜ ነበር። እያረጥሽ ነው፣ እቴ።»

ቃሉ አሚናን እንደ ጥፊ መታት። ያረጠች የሚባለው ላም ነው፣ ወይም ሰው ሊሰድቡ ሲፈልጉ። «እኔ ገና አርባ ሰባት ዓመቴ ነው» አለች።

«እኔን በአርባ ዘጠኜ ነው የተወኝ። አምስት ዓመት ሆነው። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም» አለች ዓለሚቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደብረ ታቦር ሲስተር ሠናይት የምትባል አዋላጅ አለች። የልጄን ልጅ ያዋለደችልኝ እሷ ናት። ሰው ሲያወራ ትሰማለች። ሂጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ።»

«በሽታ ነው እንዴ?»

«እሱንም ጠይቂያት። እኔ አልጠየቅሁም።»

ረመዳን ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው አሚና ወረታ ላይ ሚኒባስ ቀይራ ደብረ ታቦር ወጣች። ሲስተር ሠናይት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አስቀመጠቻትና «ይንገሩኝ» አለች፤ ከዚያ እስኪያልቅ ድረስ አላቋረጠቻትም። አሚና ሙቀቱን፣ እንቅልፉን፣ ባቄላውን፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ የክሊኒኩን የደም ወረቀትም ሰጠቻት።

«አበባዎ መቼ መቼ እንደመጣ የሚያስታውሱት ይኖር ይሆን? ግምትም ቢሆን» አለች ሠናይት ብዕሯን አንስታ።

አሚና ከቦርሳዋ ጠርዙ በዱቄት የነጣ ደብተር አወጣች። ድንጋዩን የወቀረችበትን ቀን ሁሉ የምትጽፍበት ደብተር ነው። በዚያው መስመር ዳር፣ በእርሳስ፣ ትንንሽ ነጥቦች አሉ። በረመዳን አበባዋ መጥቶ ያልጾመቻቸውን ቀናት ቆይታ ለመጾም እንዲያመቻት የወር አበባዋን ቀን ከልጅነቷ ጀምራ ትመዘግብ ነበር። ሌላ ጥቅም ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም።

ሠናይት ገጹን ገለጠች፤ ደግሞም ገለጠች። ነጥቦቹ መጀመሪያ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ፣ ሁለት ወር ይዘላሉ፤ ከጥር በኋላ ገጹ ባዶ ነው። ቀና አለች።

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ማንም።»

«ስንት ሴት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ አላስታውስም ትለኛለች» አለች ሠናይት። «የእርስዎ ደብተር ካመጡት የደም ወረቀት ይበልጣል። ያ ሆርሞን በዚህ ዕድሜ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ይላል። አንድ ቀን ተለክቶ ልኩ ላይ ነው ቢባል ምንም አይነግረንም። ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ለሆነች ሴት፣ አበባዋ እንዲህ ከተዘበራረቀና ሙቀቱ ካለ፣ የምናውቀው ጠይቀን ነው። የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ገና በልጅነቷ፣ አርባ እንኳ ሳይሞላት ለቀረባት ሴት ነው። እሷን ሁለት ጊዜ እንመረምራታለን።»

«እንግዲያ አሁን ምን ሆኛለሁ?»

«ወደ ማረጥ እየደረሱ ነው። መዳረሻው ላይ ነዎት። በሽታ አይደለም። ግን ሌላ ነገር ተደብቆ እንዳይሆን ማየት አለብኝ።»

መጀመሪያ ሽንቷን ለእርግዝና መረመረች፤ የለም። የደም ግፊቷን ለካች። አንገቷን በጣቶቿ ዳስሳ እንቅርት እንደሌላት አየች፤ እሱም ልብ ያስመታል፣ ያሞቃል አለቻት። ክብደቷ አለመቀነሱን፣ ሳል አለመኖሩን ጠየቀች። ደሟ ትንሽ አንሶ ስለተገኘ የብረት እንክብል ሰጠቻት። ሙቀቱ በጣም ካስቸገራት መድኃኒት እንዳለ፣ ለጊዜው ግን ቀለል ያለ ልብስና ከሞተሩ ራቅ ብሎ ማረፍ እንደሚረዳት ነገረቻት።

«ሁለት ነገር አይርሱብኝ» አለች በመጨረሻ። «አንደኛ፣ አሁንም ማርገዝ ይቻላል፤ ካልፈለጋችሁ መከላከያውን ዛሬ እንነጋገርበት። ሁለተኛ፣ አበባዎ ሳይመጣ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ካለፈ፣ ያኔ አርጠዋል ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን ጠብታ ደም እንኳ ቢያዩ፣ ተመለሰልኝ ብለው አይቀመጡ። በማግስቱ እኔ ዘንድ ይምጡ።»

አሚና ደብተሯን ይዛ ወጣች። የደብረ ታቦር ነፋስ ፊቷን ሲመታት ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሄደች። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስትወቅር እጇን ያመሰገነላት ብዙ ሰው ነው። ልብ ብላ ማየቷን ያመሰገነላት ግን ይህች ሴት የመጀመሪያዋ ናት።

ማታ ለሸሪፍ ሁሉንም ነገረችው። ሸሪፍ አዳመጠና «ልጅ አይደለም ማለት ነው» አለ። «አልሐምዱሊላህ። እኔ የፈራሁት አንቺን እንዳላጣ ነበር።» ይህን ሰምታ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን ይሁን እንባዋን እንዳያይባት፣ እሷም አላወቀችውም።

የገበያ ቀን ሐምዛ ጎልማሳውን ይዞ መጣ። ወፍጮ ቤቱ ሞልቷል፤ ሴቱም ወንዱም ተሰልፏል። አሚና ሞተሩን አጠፋች፤ ዝም ሲል ሁሉም ዞር አለ። የምትናገረውን አስቀድማ አላሰበችውም ነበር።

«ሐምዛ ወንድሜ፣ ሰው ዕድሜዋ ገፋ ይላል ብለህ ነበር» አለች። «እያረጥኩ ነው። አላበድኩም፣ አላረገዝኩም፣ አላረጀሁም። ደብረ ታቦር ሄጄ አረጋግጫለሁ። የጋሼ ፈንታሁንን ጤፍ ያበላሸሁት እንቅልፍ አጥቼ ነው፤ አሁን ቀን ቀን ትንሽ አርፋለሁ። ጎልማሳው ጆንያ ቢያነሳልኝ ደስ ይለኛል። ድንጋዩን የምወቅረው ግን እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሐምዛ መሬት መሬት አየ። ከሰልፉ መሐል ግን ጋሼ ፈንታሁን ራሳቸው ነበሩ፤ «እንግዲህ ታውቋል። ሞተሩን አስነሽውና ፍጪልኝ፣ መንገዴ ሩቅ ነው» አሉ። አሚና አስነሳችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሴቶቹ እየቆዩ ብቻ ብቻቸውን ይመጡ ጀመር። አንዷ ዱቄቷን እየቋጠረች፣ ሌላዋ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣ «አሚና፣ ያ ያልሽው ነገር…» ትላለች። አሚና የሰማችውን ትነግራታለች። የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፤ ወደ ሠናይት ትልካታለች። ለእያንዳንዷም ደብተር ያዢ ትላታለች። መጻፍ የማትችል ግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ታኑር ትላለች።

የእሷ አበባ በሐምሌ አንዴ ተመለሰ፣ ቀጥሎ ጥቅምት ላይ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ኅዳር ላይ፣ አዲሱ እህል መውረድ ሲጀምር፣ ዓለሚቱ ገብሷን አስጭና መጣች። አሚና ድንጋይ እየወቀረች ነበር። ዓለሚቱ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ እየሳቀች ሹክ አለቻት፦ «ልጅነቴ ተመለሰ መሰለኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ይኸው በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አየሁ።»

አሚና መዶሻውን አስቀመጠች። «ደም?»

«ጥቂት ናት። ምንም አያመኝም።»

«እታለም፣ ነገ ደብረ ታቦር እንሄዳለን።»

«አጨዳ ላይ ነኝ እኮ። ካጨዳ በኋላ እሄዳለሁ።»

«ካጨዳ በኋላ የለም። ሲስተር ያለችኝን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ልጅነት አይደለም። አጫጅ ካጣሽ የሐምዛን ጎልማሳ እሰድልሻለሁ። ዛሬ እኔ ቤት ታድሪያለሽ።» ዓለሚቱ ፊቷን አየችና መከራከሩን ተወች።

በማግስቱ ወፍጮው ተዘጋ። ሠናይት ዓለሚቱን መርምራ ወዲያው ወደ ጎንደር ላከቻት። ማሕፀኗ ውስጥ ገና የጀመረ እብጠት ተገኘ፤ ክፉ ዓይነት ነበር፣ ግን አልተሰራጨም። ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ባሏ ሞላ፣ ስለዚህ ነገር ከሚስቱ አንድም ቃል ሰምቶ የማያውቀው ሰው፣ ከአልጋዋ ሥር ሳይነሳ ሰነበተ። በሚያዝያ ሁለቱም ይፋግ ወረዱ። ሞላ አሚናን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ዓለሚቱ ናት የተናገረችው፦ «ሐኪሙ ዓመት ብትቆዪ አልደርስልሽም ነበር አለኝ።»

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት የአሚና ደብተር ያለ አንድ ነጥብ አሥራ ሁለት ወር ሞላው። ታኅሣሥ ላይ ሠናይት ስልክ ደወለች። ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች የተሰበሰቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደብረ ታቦር ላይ ሥልጠና አላቸው፤ መጥተው ይንገሩልኝ አለቻት።

አሚና የኢዱን ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። አርባ የሚሆኑ ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል። በሕይወቷ በእንደዚህ ዓይነት አዳራሽ ተናግራ አታውቅም፤ ወፍጮ ቤት እንዳለች አድርጋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። ስለ ወባው፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ወንዛዬ ስትነግራቸው ሳቁ። ስለ ዓለሚቱ ስትነግራቸው ብዕራቸውን አነሱ። ደብተሯን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት።

ሲጨርሱ ሠናይት ወደ እሷ ተጠጋችና «ገጹን ለማስተማሪያ ፎቶ ላነሳው እፈልግ ነበር። ስምዎን አልጽፍም፣ አይስጉ» አለቻት።

«ለምን አትጽፊም?» አለች አሚና። «ከእነ ስሜ አድርጊው። አሚና ዩኑስ፣ ወፍጮ ወቃሪ፣ ይፋግ።»

ሠናይት ጻፈችው። አሚና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ «ወቃሪ» የሚለው ላይ ሠናይት ተሳስታ ነበርና አሳረመቻት። ከዚያ የወረታን ሚኒባስ ለመያዝ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መናኸሪያው ሄደች።